የጣልያንን ምግብ ቤት እንጂ ጓዳውን አናውቅም

«የጣልያን ምግብማ የእኛው ሆኗል» ሲባል ዘወትር እሰማለሁ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አይቸግራቸውም። ላዛኛው በሆቴሉም በልደት ድግሱም አለ። መኮሮኒው የተማሪው ምሳ ዕቃ ውስጥ ነው። ዳቦው ፉርኖ፣ የፓስታው ማባያ ስጎ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣው ማኪያቶ ነው። ሰፈሩ ፒያሳ፣ ገበያው መርካቶ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ካዛንችስ። በዚህ ሁሉ መሐል ለኖረ ከተሜ ስለ ጣልያን ምግብ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው ይሉናል።

እኔ አልስማማም። ምክንያቴንም ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ እናገራለሁ። እኛ የምናውቀው የጣልያንን ምግብ ቤት ነው፤ ጓዳውን አናውቅም። የምናውቀው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የምግብ ዝርዝር ነው፤ ያ ዝርዝር ደግሞ በመስከረም የተጻፈው በግንቦትም ያው ነው። የጣልያን ባለጓዳ ግን የምግብ ዝርዝር የላትም። ያላት የቀን መቁጠሪያ ነው።

ለማመን የሚቸግረው ካለ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቀው። ጣልያን በጥቅምትና በኅዳር ቤቱ ተቀምጦ ምን ይበላል? «ፓስታ» የሚል መልስ አልቀበልም። እንግዳ መጥቶ «ሐበሻ በጾም ምን ይበላል?» ብሎ ቢጠይቀን «እንጀራ» ብለን እንደ መመለስ ነው። እንጀራውማ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ነገሩ ያለው በላዩ በሚወጣው ነው።

ለመጠየቅ መጸውን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። የእነሱም «አውቱኖ» ከዚያው ጋር ይገጥማል ለማለት ይቻላል። ወራቱ አንድ ይሁኑ እንጂ ፊታቸው ለየቅል ነው። እኛ ዘንድ ዝናቡ አልፎ ሜዳው የሚያብብበት ወቅት ነው፤ እነሱ ዘንድ ቅጠሉ የሚረግፍበት፣ ጭጋጉ ሜዳውን የሚሸፍንበት፣ ገበሬው ለብርዱ ጎተራውን የሚሞላበት ነው። ስለዚህ የጣልያን ጓዳ ምሥጢሩን ሁሉ የሚያወጣው በዚህ ወቅት ነው። በጋማ ለማንም ቀላል ነው፤ ቲማቲሙን ቆርጦ ጨው መነስነስ ይበቃል።

ለትምህርት ቦሎኛ ከተማ በቆየሁባቸው ሁለት የመጸው ወራት የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሲኞራ ነበር የምላቸው። እኚህ ሴት በጥቅምት አንድም ቀን ላዛኛ አልሠሩም፤ ያውም የላዛኛ አገር በሆነችው በቦሎኛ። ላዛኛ የእሑድና የበዓል ነገር ነው። በሥራ ቀን ከገበያ ይዘው የሚመጡት ዱባ፣ ቦሎቄ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ድንችና ቀይ ሽንኩርት ነበር። ይህን ዝርዝር ለአንባቢ ሳቀርብ የአትክልት ተራን ዘንቢል የገለበጥኩ ይመስለኛል። እሳቸው ግን ከዚያ ዘንቢል ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም ነበር።

እስቲ አገሩን በፍጥነት ላዙረው። በማንቶቫ ዱባውን አብስለው ይፈጩትና ከአይብ፣ ከተፈጨ የአልመንድ ብስኩትና በሰናፍጭ ከተሠራ የፍራፍሬ ማጣፈጫ ጋር ለውሰው፣ በቀጭን ሊጥ ጠቅልለው ይቀቅሉታል። በፒዬሞንቴ ነጭ ሽንኩርትና በጨው የተቀመጠ ትንንሽ ዓሣ በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ ትኩሱ ድስት መሐል ላይ ይቀመጥና ቤተሰቡ ዙሪያውን ሆኖ ጎመኑንና ቃሪያውን እያጠቀሰ ይበላል። ከአንድ ገበታ መብላት የእኛ ብቻ ይመስለን የለ? በቶስካና ወይን በሚለቀምበት ሰሞን የዳቦ ሊጥ ላይ ጥቁሩን የወይን ፍሬ በትነው ይጋግሩታል። በኅዳር ደግሞ አዲሱ የወይራ ዘይት ይጨመቃል፤ የተጠበሰ ዳቦ ነጭ ሽንኩርት ይታሽበትና አረንጓዴው ዘይት ይፈስበታል። የዘይቱ በዓል ይኸው ነው፤ ሌላ ድግስ የለውም።

የአፔኒን ተራሮች ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። እዚያ ስንዴ በደንብ አይበቅልም። ሕዝቡን ለዘመናት ያኖረው ካስታኛ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ነው፤ ዛፉን ራሱን «የዳቦ ዛፍ» ይሉታል። ፍሬውን በጥቅምት ከመሬት ይለቅሙታል፤ በትንሽ የድንጋይ ጎጆ ውስጥ በቆጥ ላይ አስጥተው ከሥሩ ለሳምንታት እሳት እያጨሱ ያደርቁታል፤ ከዚያ ይፈጩታል። ከዱቄቱ ቂጣ ይጋግራሉ፣ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ካስታኛቾ የሚባል ኬክም ይሠራሉ። ይህ ኬክ ስኳር የለውም፣ እንቁላል የለውም፣ ወተት የለውም። ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይት፣ ዘቢብና ከላዩ የሚነሰነስ የጥብስ ቅጠል ብቻ ነው። አዎ፣ እኛ ጥብስ ላይ የምንጥለው ያው ቅጠል!

እንግዲህ ይህን በማለቴ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይነሱብኛል። ሦስቱንም በየተራ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ባለገንዘቡ ነው። «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ዕቃው እዚህ የለም። ፓርሚጃኖው፣ የደረቀው እንጉዳይ፣ ዋናው የወይራ ዘይት ከውጭ ካልመጣ የጣልያን ምግብ አይሆንም» ይላል። ሻንጣውን ሞልቶ ከሮማ የሚመለሰው እሱ ነው። ለዚህ ሰው የምለው፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከጭራው ይዘኸዋል። የጣልያን ቤት አበሳሰል ሕጉ አንድ ነው፤ ከደጅህ ያለውን፣ በወቅቱ የረከሰውን፣ ዛሬ የደረሰውን አብስል ይላል። ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ አይብ ገዝቶ «የጣልያን የቤት ምግብ ሠራሁ» ማለት ሕጉን ጥሶ ሕግ አከበርኩ እንደ ማለት ነው። ጣልያናዊቷ አዲስ አበባ ውስጥ ብትኖርና የእናቷን ትምህርት ባትረሳ ኖሮ በጥቅምት የምትገዛው ዱባ ነበር።

ነገሩ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ሦስት አበሳሰል ልንገር፤ ሦስቱም በጾም የሚበሉ ናቸው፤ ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም ደርሶ «ምን እንብላ?» ለሚለው ቤት መልስ ይሆናሉ።

አንደኛው ፓስታ በሽምብራ ነው። ሽምብራውን ማታ መዘፍዘፍ፤ ጠዋት ከአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና ከአንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጋር እስኪፈርስ መቀቀል። ግማሹን አውጥቶ መጨቅጨቅና መልሶ ከራሱ ውሃ ጋር መቀላቀል፤ መረቁ ወፍራም ይሆናል። ከዚያ ትንንሹን ፓስታ፣ ወይም ረጅሙን ሰባብሮ፣ እዚያው መረቁ ውስጥ ማብሰል። በመጨረሻ ጥሬ ዘይትና ቁንዶ በርበሬ። ሽምብራን ከሊጥ ጋር ማብሰል በጣልያን ምድር ጥንታዊ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው የሮማ ባለቅኔ ሆራስ እንኳ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው እራት ሽምብራና ሊጥ መሆኑን ጽፏል። ሽሮ አሳዳጊው የሆነ ሕዝብ ይህን ምግብ እንግዳ ሊለው አይችልም።

ሁለተኛው የዱባ ፓስታ ነው። ቀይ ሽንኩርቱ በዘይት ይቀቀላል ማለት ይሻላል እንጂ ይጠበሳል አልልም። እዚህ ላይ በእኛና በእነሱ መሐል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጠብ ጠብ የሚል ውሃ እያስነካን እስኪጠቁር ድረስ እናቁላላዋለን፤ የወጣችን ጥልቀት ከዚያ ነው የሚመጣው። እነሱ ግን ከመነሻው ዘይት አድርገው፣ እሳቱን አሳንሰው፣ ሽንኩርቱ ሳይቀላ መስተዋት እስኪመስል ይጠብቁታል። በላዩ በትንንሹ የተከተፈ ዱባ፣ ጨውና ጥቂት ውሃ ይገባና ይከደናል። ዱባው ራሱ ፈርሶ ስጎ ይሆናል። ፓስታው የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ጭልፋ አስቀርቶ ለማላያ መጠቀም ነው፤ ቲማቲም አያስፈልግም።

ሦስተኛው የቶስካናው ሪቦሊታ ነው፤ ትርጉሙ «ዳግመኛ የፈላ» ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሰለሪ፣ ቦሎቄና ጎመን በአንድ ድስት ይበስላል። እነሱ ጥቁር ጎመን የሚሉትን ይጠቀማሉ፤ የእኛ ጎመን የቅርብ ዘመዱ ነው። ሾርባው ውስጥ የደረቀ ዳቦ ተቆርጦ ይነከራል። በማግስቱ ድስቱ እንደገና ይጣዳል፤ ማንኪያ እስኪያቆም ይወፍራል። የቆየ ዳቦ መጣል ነውር ከሆነበት ቤት የተወለደ ምግብ ነው። የደረቀ እንጀራን ድርቆሽ አድርጎ ፍርፍር የፈጠረ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃዋሚዬ ክሱ ይከብዳል። «የወራሪን ድስት ታወድሳለህ ወይ?» ይለኛል። ይህን ጥያቄ አላቃልለውም፤ አዋቂው ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። የፋሺስት ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በጣልያን አገር የወይን ለቀማው ሰሞን ማለት ነው። ኅዳር 8 ቀን የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ መጣል ጀመረ። ታኅሣሥ 8 ቀን ደግሞ የጣልያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን እያወለቁ ለመንግሥት እንዲሰጡ ተደረገ፤ ንግሥት ኤሌና ፊት መሪ ሆነው ሮማ ላይ ሰጡ። ያ ወርቅ የተሰበሰበው እኛን ለሚወጋው ጦርነት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ማንም አይረሳም፤ እኔም ስለ ዱባ ስጽፍ እረሳለሁ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል።

ነገር ግን ልብ እንበል። ያ ጦርነት የገባው በእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ በጣልያኗ ባለጓዳ ድስት ውስጥም ገብቷል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዲቀንስ፣ «አገር በራሷ ትብቃ» እየተባለ እመቤቶቹ ታዘዙ። ፔትሮኒላ በሚል የብዕር ስም «ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪየሬ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የምትጽፈው ሐኪሟ አማሊያ ሞሬቲ ፎጃ በኋላ በዓለም ጦርነቱ ዓመታት ያለ ቅቤ፣ ያለ ስኳር፣ ያለ እንቁላል እንዴት እንደሚበሰል ለሕዝብ ታስተምር ነበር። ፋሺዝም የጀመረው የሌላውን ጎተራ በመዝረፍ ነው፤ የጨረሰው የራሱን ሕዝብ ሌማት ባዶ በማድረግ ነው።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1930 «ፓስታ ጣልያንን ሰነፍ አድርጎታልና ይጥፋ» ብሎ መግለጫ ያወጣው ባለቅኔው ማሪኔቲ ነበር። ያው ማሪኔቲ በ1928 ዓ.ም. በፈቃደኝነት ኢትዮጵያን ሊወጋ መጣ። ድስቱን የጠላና ጦርነቱን የወደደ አንድ ሰው ነው። ከእሱና በጥቅምት ሽምብራ ከምትዘፈዝፈው አሮጊት የማንን ወገን እንድይዝ ነው የሚፈለገው?

ለዚህ ተቃዋሚዬ ዋናው መልሴ ግን ይህ ነው። ፓስታና ላዛኛው ወደ እኛ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1890 ቅኝ ግዛት በሆነችው በኤርትራ በኩልና ከዚያም በአምስቱ ዓመት በሠፈሩ፣ በኩባንያውና በሆቴሉ መንገድ ነው። ይኸውም ገዢው ለራሱ ያዘጋጀው ሳህን ነው። ይህን ሳህን ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀብለን ሰባ ሰማንያ ዓመት በልተናል፤ ማንም «የወራሪ ምግብ» ብሎ ሲቃወም አልሰማሁም። የገበሬው ድስት ግን አልመጣም፤ ገበሬው ራሱ የሚበላውን ማን ይጠይቀዋል? እንግዲህ በላዛኛው ላይ ቆመን የቀረን እንደሆነ የገዢውን ሳህን ብቻ ይዘን ቀረን ማለት ነው። ሕዝቡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሆቴሉ በር አልፎ ጓዳ መግባት አለበት።

በዚያ ጓዳ የሚያገኘውም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ጣልያን ሜዳ የእርሻ ውል የሚያልቀው በቅዱስ ማርቲን ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን ነበር። ባለመሬቱ ውሉን ካላደሰለት አራሹ ልጆቹንና ድስቱን በጋሪ ጭኖ በብርድ ሌላ ጌታ ፍለጋ ይሄዳል፤ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ አገር ንግግር «ቅዱስ ማርቲን አደረገ» ማለት «ቤት ለቀቀ» ማለት ነው። በሌላው ወገን ያለው ደስታ አዲሱ የወይን ጠጅና የተጠበሰው ካስታኛ በዚያው ቀን መቅረቡ ነው። የእኩሌታ አራሽነት አዲስ ውል በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። «መሬት ላራሹ» ሲባል የሰማ፣ የ1967ቱን አዋጅ ያየ አንባቢ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ሰው ተቃዋሚ አይመስልም፤ ይልቁንም ያጨበጭብልኛል። እሱ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ። «አየህ፣ የድሆች ምግብ ንጹሕ ነው፤ ጤና ነው፤ የጥንቶቹ ምን ጎደላቸው!» ይላል። የጎደላቸውን ልንገረው። በሰሜን ጣልያን ገበሬው ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጧትም ማታም የበቆሎ ገንፎ፣ ፖሌንታ፣ ብቻ ይበላ ነበር። ቆዳው ይሰነጠቅ፣ ሆዱ ይታወክ፣ አእምሮው ይነካ ጀመር። በሽታው ፔላግራ ተባለ፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1771 የመዘገበው ሚላናዊው ሐኪም ፍራፖሊ ነው። መንስኤው ኒያሲን የተባለው ቫይታሚን እጥረት መሆኑ በማስረጃ የታወቀው በ1930ዎቹ ነው። በቆሎን ለዓለም የሰጡት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እህሉን በኖራ ወይም በአመድ ውሃ እየቀቀሉ ይበሉት ስለነበር በሽታው አይነካቸውም ነበር፤ አውሮፓ እህሉን ወሰደ፣ ዕውቀቱን ግን ትቶት መጣ። ከዚያ ድህነት የሸሸው ሕዝብ ብዛት ከ1876 እስከ 1915 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ 14 ሚሊዮን ይደርሳል።

ስለዚህ የድህነትን ምግብ የሚያሞግስ ሰው መጀመሪያ ድህነቱን ይጠይቅ። ፖሌንታ ዛሬ የሚጣፍጠው በላዩ እንጉዳይ፣ አይብ ወይም ወጥ ስለወጣበት ነው። ብቻውን ሲሆን በሽታ ነበር። የጣልያን ገበሬ የሚበላውን የመረጠው በወቅቱ ፍቅር ተነድፎ ሳይሆን ሌላ ስላልነበረው ነው። የእኛም ገበሬ ክረምት ሲገባ ጎተራው ተሟጦ «ጎመን በጤና» የሚለው ለሥነ ጽሑፍ ብሎ አይደለም። እኔ የማደንቀው ማጣቱን አይደለም፤ ባጣበት ውስጥ የሠራውን ዘዴ ነው። ዘዴው ከማጣቱ ተለይቶ መውረስ ይችላል፤ እንዲያውም የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

«ይህ ሁሉ ጥንታዊ ነው የሚባለው ወሬ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው» የሚሉም አሉ፤ የፓርማ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር አልቤርቶ ግራንዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ የተነሳ ብዙ አገሩን አስቆጥቷል። የተቆጡት ይቆጡ። እውነትም የጣልያን ምግብ ቤቶች ስማቸውን ያገነኑበት ብዙው ነገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመጣው ጥጋብ የደረጀ ነው። ዛሬም ሚላኖ ውስጥ በጥር ቲማቲም የሚገዛ ሰው ሞልቷል፤ ትልልቆቹ መደብሮች ወቅትን እያጠፉት ነው። የእኔ ክርክር ግን ጣልያን ቅዱስ ነው የሚል አይደለም። እነሱ ወቅታቸው ሲጠፋ አይተው ጮኸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ሮማ ላይ የአሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤት ሲከፈት ከተነሳው ተቃውሞ በካርሎ ፔትሪኒ መሪነት ትልቅ ንቅናቄ ወጥቷል። በ2025 ደግሞ የአገራቸው አበሳሰል በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። እኛስ ጮኸናል ወይ?

ወደ ዋናው ጉዳይ የምመጣው አሁን ነው። ጣልያን ጓዳውን ያዳነው በመጻፍ ነው። ጣልያን አንድ መንግሥት ከሆነች ሠላሳ ዓመት ሲሆናት፣ እ.ኤ.አ. በ1891፣ ፔሌግሪኖ አርቱሲ የሚባል ጡረታ የወጣ ነጋዴ ፊሬንዜ ላይ አንድ የምግብ መጽሐፍ አሳተመ። የሚያሳትምለት አጥቶ በራሱ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ 475 የአበሳሰል ዘዴዎች ነበሩት። ከዚያ በየከተማው ያሉ ሴቶች የየቤታቸውን ይጽፉለት ጀመር፤ እሱም ከአብሳዩ ከማሪዬታ ሳባቲኒ ጋር እየሞከረ ይጨምርበት ገባ፤ በመጨረሻ 790 ደረሰ። በ1911 ሲሞት የመጽሐፉን ገቢ ለማሪዬታና ለሌላው የቤት አገልጋዩ አወረሰ፤ ዕውቀቱ የማን እንደነበረ ያውቅ ነበርና። በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ለየወሩ የሚስማማ የገበታ ዝርዝር አለ፤ ለጥቅምት የጥቅምት፣ ለኅዳር የኅዳር። በየአውራጃው ቋንቋው ተለያይቶ የማይግባባ ሕዝብ በዚያ መጽሐፍ ስለ ድስቱ መነጋገር ቻለ። ቦሎኛዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1982 የስጓቸውን አሠራር በንግድ ምክር ቤታቸው መዝገብ አስገብተዋል፤ ያኔ ለ300 ግራም ሥጋ የሚገባው የቲማቲም መጠን አምስት ማንኪያ ብቻ ነበር። በድስቱ ላይ ቲማቲም ለሚያጎርፈው የእኛ ምግብ ቤት ይህ ዜና ይድረሰው።

እኛስ? «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያልን ሕዝብ ነን፤ ወቅትና ምግብ እንደሚገናኙ ማንም አላስተማረንም። የመስከረም እሸት በቆሎ አለን፤ የጥቅምት እሸት ባቄላ አለን፤ በጭድ እሳት የተጠበሰ የስንዴ እሸት አለን፤ እሸት ሽምብራው ከነግንዱ ታስሮ በየመንገዱ የሚሸጥበት ሰሞን አለን፤ የመስቀል ክትፎና የመስቀል ጎመን አለን። ከዚህ ውስጥ በከተማ ቤት ገበታ ላይ ዛሬም በወቅቱ የሚቀርበው የትኛው ነው? እኔ ያየኋቸው የአገራችን የምግብ መጻሕፍት ወጡን ከወጥ፣ ዳቦውን ከዳቦ ጋር ይደረድሩታል፤ በወር በወሩ የደረደረው ግን አላጋጠመኝም። የላዛኛውን ንብርብር ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የባቄላ እሸት እንዴት እንደሚፈለፈል ላያውቅ ይችላል። ይህን ስል ልጁን አልወቅስም። ዝርዝሩ ላይ የለማ!

ጥፋቱ የእኛ የጸሐፊዎቹም ነው። ስለ ቅኔው፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ቲያትሩ በየወሩ ስንጽፍ ጓዳውን «የሴቶች ዓምድ» ብለን ከመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጣልነው፤ እሱንም ከውጭ በተተረጎመ የኬክ አሠራር ሞላነው። ባህል ማለት አዝማሪው የሚዘፍነው ብቻ ከሆነ አዝማሪው ምን በልቶ ዘፈነ? የእናቶቻችን ዕውቀት በእጃቸው መዳፍ ላይ ነው ያለው፤ ልኩ «በዓይንህ ገምተህ»፣ ሰዓቱ «ሽታው ሲመጣ» ነው። መዳፉ ያረፈ ቀን አብሮ ይቀበራል። ቀድሞ መጥኖ ያልደቆሰ ሰው ኋላ ድስት ጥዶ ያለቅሳል የሚለውን ከእነሱ ሰምተን ነው ያደግነው።

ስለዚህ ለሦስቱም ተቃዋሚዎቼ ያለኝ ሐሳብ አንድ ነው። መጸው ሲገባ ወደ አትክልት ተራ ወርደን ዱባ እንግዛ። ያለ ቲማቲም፣ ከውጭ የመጣ አይብ ሳይነካው፣ ጣልያኗ እንደምትሠራው እንሥራው። በዚያው ሳምንት ደግሞ በዕድሜ የገፉ እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ዘንድ ደብተር ይዘን እንሂድና «በልጅነትዎ በጥቅምት ምን ይበላ ነበር? እንዴትስ ይሠሩት ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ የሚሉትን ሁሉ፣ «በዓይንህ ገምተህ» የሚለውን ሳይቀር፣ እንጻፈው። በልኬት ካልሆነልን አብረናቸው ድስቱ አጠገብ እንቁምና እንለካው። አርቱሲ የጀመረው ከዚህ ባልበለጠ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፉ በወጣበት ጊዜም ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። እኛ ምን ያህል ጊዜ እንዳለን ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ መዳፎቹ እያረጁ ነው።